ዲጂታል ቴፕ ጉናን አያልፍም

ሶማሌ ተራ ገብቶ ለመኪናው ቴፕ የሚያማርጥ ሰው ቶሎ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ዲጂታል» ነው። ሻጩ ባለ ትልቅ ስክሪኑን ያበራል፣ ቀለሙን ያሳያል፣ ዋጋውን ይናገራል። ብዙ ጊዜ ግን ዲጂታል የሆነው ቁጥሩ ብቻ ነው። ድሮ ቀይ መርፌ በመስመር ላይ እየሄደ ጣቢያ ይፈልግ ነበር፤ አሁን 96.9 ብሎ በብርሃን ይጽፋል። ከአየር የሚቀበለው ሞገድ ያው የቀድሞው ኤፍ ኤም ነው።

በሌላው ዓለም ዲጂታል ሬዲዮ የሚባለው ድምፁ ከማሰራጫው ሲነሣ ጀምሮ ወደ አሃዝ ተቀይሮ የሚላክ፣ ለመቀበልም የራሱን መሣሪያ የሚፈልግ ስርጭት ነው። አውሮፓ ዳብ የሚባለውን ትጠቀማለች፣ አሜሪካ ኤችዲ ሬዲዮን፣ ሕንድ ደግሞ ዲአርኤምን። ይህን እውነተኛውን ዲጂታል የሚቀበል ቴፕም ገበያ ላይ አይጠፋም። እንዲያውም ከአውሮፓ የመጣ አዲስ መኪና ላይ አብሮ ይገኛል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አዲስ መኪና ላይ የሚገጠም ሬዲዮ ዲጂታል ስርጭት መቀበል እንዲችል በሕግ አስገድዷልና።

ታዲያ ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም ወልድያ የሚመላለስ ባለመኪና ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አለበት? የለበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ በዳብ መደበኛ ስርጭት የሚሰጥ ጣቢያ የለም። ቁልፉ ቢጫን ቴፑ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ባዶውን ይመለሳል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጽሑፉም ባበቃ ነበር። ግን «ዛሬ ባይኖር ነገ ይመጣል፣ አስቀድሞ መግዛት አይከፋም» የሚል አለ፤ ይህ ክርክር መልስ ይፈልጋል።

መጀመሪያ አገሩን ማየት ነው። ንፋስ መውጫ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ስሟን ከነፋሷ ያገኘች ከተማ ናት። በእሷና በባሕር ዳር መካከል ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ ከዚያም በላይ ጉና አለ፣ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ። ኤፍ ኤም በአመዛኙ ፊት ለፊት የሚሄድ ሞገድ ነው፤ ተራራ ሲገጥመው ይደክማል። በጋሳይና በክምር ድንጋይ በኩል የሚያልፍ ሹፌር ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ጣቢያው ኩርባው ጋ ይጠፋል፣ ከኩርባው ሲወጣ ይመለሳል። ወደ ጨጨሆ ሲወርድ ወይም ወደ ስማዳ ቆላ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው።

ዲጂታሉ ይህን ችግር በራሱ አይፈታም። ዳብ የሚላከው ከኤፍ ኤም ከፍ ባለ፣ ከ174 ሜጋ ኸርዝ በሚጀምር ሞገድ ላይ ነው፤ እሱም ተራራ አይበሳም። ልዩነቱ ሲደክም የሚያሳየው ጠባይ ላይ ነው። ኤፍ ኤም ሲደክም ይሻክራል፣ ይንሻሻል፣ ግን ጆሮ የሰጠ ሰው ወሬውን ይይዛል። ዲጂታል ወይ ጥርት ይላል፣ ወይ ዝም። መንገዱ ተዘግቷል የሚለውን ዜና ግማሹን መስማትና ምንም አለመስማት ለጋይንት ተጓዥ አንድ አይደሉም።

ኖርዌይም ተራራማ ናት፣ ተሳክቶላታል የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ኖርዌይ በ2017 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም በማውጣት በዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። ነገር ግን ኤፍ ኤሙ ከመዘጋቱ በፊት ዲጂታል ማሰራጫዎች በየሸለቆውና በየዋሻ መንገዱ ተተክለው ከሕዝቡ ከ99 በመቶ በላይ የሕዝብ ጣቢያውን እንዲሰማ ተደርጓል። ያም ሆኖ መኪናው አሮጌ የሆነ ሁሉ ማስተካከያ ለመግዛት ስለተገደደ ብዙ አጉረመረመ። ማሰራጫው ቀድሞ ተተከለ፣ የመኪናው ቴፕ ተከተለ። እዚህ ሻጩ እያለ ያለው ቴፑን ቀድመህ ግዛ፣ ማሰራጫው ይከተላል ነው።

አስቀድሞ የመግዛትን ጉዳይ በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ምሳሌው ከዚሁ አገር የወጣ ሰው ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው ኖህ ሳማራ ወርልድስፔስን በ1990 እ.ኤ.አ. ሲመሠርት ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ለአፍሪካ ዲጂታል ሬዲዮ ከሰማይ መላክ። ኤድስ አፍሪካን እየጨረሰ ባለበት ጊዜ ሰው ስለ በሽታው እንኳ መረጃ አለማግኘቱ አነሣሣኝ ይል ነበር። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት በጥቅምት 1998 እ.ኤ.አ. መጠቀች። ለሳተላይት ጉና ምኗም አይደለም፤ ጎርጎራም ይሁን ጋይንት ከላይ አንድ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ጣቢያው ብዙ ነበር።

ችግሩ ምድር ላይ ነበር። መቀበያው መጀመሪያ ሲወጣ ከ200 ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። ጠፍጣፋ አንቴናው ወደ ሳተላይቱ ተስተካክሎ ካልተቀመጠ አይሠራም፣ ስለዚህ በሚሄድ መኪና ላይ የሚሆን አልነበረም። ቆይቶም ለብዙዎቹ ጣቢያዎች የደንበኝነት ክፍያ መጣ። በጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ ስርጭቱም እየተዘጋ ሄደ። ያን መቀበያ የገዛ ሰው እጅ ላይ የቀረው የተገዛበትን የሳተላይት ስርጭት የማያገኝ ሳጥን ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ ተራ የትራንዚስተር ሬዲዮ ግን ባትሪ ከተደረገለት ዛሬም ይሠራል።

«ሬዲዮ ምን ያደርጋል፣ ስልክ በብሉቱዝ ማገናኘት አይበቃም?» የሚሉም አሉ። ኔትወርክ ባለበት ይበቃል። ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። ከዚያ በፊት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በጦርነት ተይዛ ክፉ ቀናት አሳልፋለች። እንዲህ ያለ አገር ላይ ለወሬ በኢንተርኔት ብቻ መተማመን ለጤነኛ ሰው የሚመከር አይደለም።

ገንዘቡ ወጪ መሆኑ ካልቀረ ርካሽና የሚጠቅም ነገር አለ። የመጀመሪያው አንቴና ነው። ብዙ መኪና ላይ አንቴናው ተሰብሮ ወይም ሽቦው ዝጎ ሳለ ጥፋቱ በቴፑ ይላከካል። ሁለተኛው የስልክ ቻርጀር ነው፤ ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካው ርካሹ ዓይነት የሬዲዮ ጠላት ነው፣ ሲነቀል ጣቢያው የሚመለስበት ጊዜ አለ። ባለ 24 ቮልት አይሱዙ ላይ ባለ 12 ቮልት ቴፕ ሲገጠም የሚገባው መቀነሻም እንዲሁ ያስጮኻል። ሦስተኛው፣ ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራ ቴፕ ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ወይም አዲስ ከሆነ 95 ላይ ያቆማል። እሱ የተገጠመለት ባለመኪና የባሕር ዳርን 96.9 ዕድሜ ልኩን ቢፈልግ አያገኘውም፤ መፍትሔውም የሞገድ መለወጫ ወይም ሌላ ቴፕ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቴፑ ላይ «ኤኤም» የሚል ቁልፍ መኖሩ ነው። መካከለኛ ሞገድ መሬት ተከትሎ ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ ከሰማይ እየነጠረ ይርቃል። የአማራ ሬዲዮ በ6090 ኪሎ ኸርዝ ሲሰማበት የኖረው አጭር ሞገድም ከላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ጉና አያግደውም። ለአፍሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የድሮ ላንድክሩዘሮች አጭር ሞገድ የሚይዝ ቴፕ ነበራቸው፤ ያን ነቅሎ ባለ ስክሪን የሚያስገባ ሰው ምን እንደጣለ ሳያውቅ ይጥላል።

ይህ ሞገድ ደግሞ ከመኪና ላይ እየጠፋ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና መቆጣጠሪያው ኤኤምን የሚረብሽ ጩኸት ያወጣሉ፣ ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ማጣሪያ ከመጨመር ቁልፉን ማንሣት መረጡ። ፎርድ በ2023 እ.ኤ.አ. ከአዳዲስ መኪኖቹ ኤኤምን ሊያወጣ ተነሥቶ፣ የአሜሪካ የምክር ቤት አባላት «በአደጋ ጊዜ ሕዝቡ በምን ይስማ?» ብለው ሲጫኑት ሐሳቡን ቀየረ። ኢትዮጵያ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ አግዳለች፤ የሚገባው ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው። ያ ጥያቄ ለጋይንት ከአሜሪካ ገበሬ ይልቅ ይቀርባል። አስመጪ ፊት የቆመ ገዢ ስለ ስክሪኑ ስፋት ከመጠየቁ በፊት ኤኤም አለው ወይ ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

መቀበያ ብቻውን ሁሉን አይሠራም፣ ይህም እውነት ነው። የአሜሪካ ድምፅ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ከሥራ ሲታገዱ ጸጥ ያለው የማንም ሬዲዮ አርጅቶ አልነበረም። የቅርቦቹ ጣቢያዎችም የመንገድ ወሬን በሰዓቱ ካልተናገሩ የድምፅ ጥራት ለማን ይጠቅማል?

ከጣቢያዎቹ መጠየቅ የሚገባው ነገርም ዲጂታል አይደለም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከወረታ እስከ ወልድያ ባለው ወደ 300 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የትኛው ጣቢያ ደብረ ታቦር፣ ንፋስ መውጫ፣ ፍላቂትና ጋሸና ላይ በየትኛው ቁጥር እንደሚያዝ ጽፎ በየመናኸሪያው መለጠፍ። ያ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ረዳቱ ከጋሳይ በኋላ ቁልፉን እያዞረ ሲፈልግ ይቆያል።