የወይዘሮ ሃሪስ ቀሚስ

ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። በተለይም ቀለል ያለ፣ የሚያስቅ፣ በሁለት የዕረፍት ቀን ተነቦ የሚያልቅ ከሆነ ጭራሽ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። እኛ በዚህ አንስማማም። ስለ ተራ ሰዎች ምኞት የሚተርኩ ትንንሽ መጻሕፍት እስከ ዛሬ የሚወደዱበት ምክንያት አላቸው። ለአብነት እንደ እኛ በሰው ቤት ስለሚሠሩ ሴት የተጻፈውን አንዱን እንጥቀስ።

መጽሐፉ «ወይዘሮ ሃሪስ ወደ ፓሪስ ሄዱ» ሊባል ይችላል። ደራሲው ፖል ጋሊኮ አሜሪካዊ ሲሆን አስቀድሞ የስፖርት ጋዜጠኛ ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ወይዘሮ ሃሪስ ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ለንደን ውስጥ በየሰው ቤት እየዞሩ የሚያጸዱ ሴት ናቸው። አንድ ቀን በአንዲት ማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ፓሪስ ከሚገኘው ከክርስቲያን ዲዮር ቤት የመጣ ቀሚስ ያያሉ። ዋጋው 450 ፓውንድ ነው። ልባቸው እዚያው ቀረ።

ደራሲው ሀብታም ዘመድ አላመጣላቸውም። በእግር ኳስ ቶቶ መቶ ፓውንድ አለፍ የሚል ገንዘብ ይደርሳቸዋል፤ የቀረውን ግን በሳንቲም ነው የሚያጠራቅሙት። ሲኒማውን ይተዋሉ፣ ሲጋራውን ይተዋሉ። ከዚያ ደግሞ ችኮላ ይይዛቸውና በውሻ እሽቅድምድም 50 ፓውንድ አስይዘው ይበላሉ! እዚህ ላይ የማይስቅ የለም፤ ዕቁብ የምትጥል ሴት ግን እየሳቀች ሆዷም ይባባል። ፓሪስ የደረሱት ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆጥበው ነው።

የመጽሐፉ ጣዕም ይህ ቆጠራ ነው። እኛም ደመወዝ በተቀበልን ቀን እናውቀዋለን። ይህ ለወንድም ትምህርት፣ ይህ ለእናት መድኃኒት፣ ይህ ለቤቱ ቆርቆሮ እያልን ሐዋላ ስንልክ የራሳችን ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚጠይቀን የለም፤ እኛም አንጠይቅም። ወይዘሮ ሃሪስ የተመኙት ለማንም የማይጠቅም ነገር ነው፤ ቀሚሱን ለብሰው የሚሄዱበት ቦታ እንኳ የላቸውም። ጋሊኮ ግን አልነቀፋቸውም። በቢታንያ ውድ ሽቱ ይዛ የመጣችውን ሴት አስታወሰን፤ ከ300 ዲናር በላይ ያወጣ ነበር እያሉ የተቆጧትን ጌታ አልደገፋቸውም። ነገሩ አንድ ነው አንልም፤ እርሷ ያፈሰሰችው ለእርሱ ነው። ሆኖም የሴትን ገንዘብ በእርሷ ፋንታ የሚያሰላ ሰው ያኔም አልጠፋም።

እርግጥ መጽሐፉ ነገር ያቀላል። ፓሪስ ውስጥ ሰው ሁሉ ቶሎ ይወዳቸዋል። ደግሞም ወይዘሮ ሃሪስ ያልተስማማቸውን ቤት ቁልፉን በበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ ወርውረው ይተዉታል። ፓስፖርታቸውን የያዘባቸው የለም፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም በማዳም እጅ አይደለም። በከፋላ ሥርዓት ለምንሠራ ከቀሚሱ ይልቅ ያስቀናን ያ ቁልፍ ነው።

የመጨረሻውን ያላነበባችሁ ይቅርታ አድርጉልን። ቀሚሱን ገዝተው ተመለሱ፤ ላዘነችባቸው ላይ ሳይሆን ላሳዘነቻቸው ወጣት ተዋናይት አዋሱት፤ እርሷም በእሳት አቃጥላ መለሰችው። በ2022 በወጣው ፊልም ከፓሪስ ሌላ ቀሚስ ይላክላቸዋል። ፊልሙ ደስ ይላል፤ እኛ ግን መጽሐፉን እንመርጣለን። በመጽሐፉ የሚላክላቸው አበባ ነው፣ እዚያ ካፈሯቸው ወዳጆች። ቀሚስ አይደገምም፤ የተቃጠለውንም አይጥሉትም። አዲሱ ቢመጣ ስጦታ ይሆን ነበር፤ የተቃጠለውን ግን በራሳቸው ገንዘብ ነው የገዙት።