ከሴራሚኩ በፊት ቦዩ

እህቶቼ፣ ደሞዝ እንደገባ ወደ አገር ቤት ከምንልከው ገንዘብ ውስጥ የብዙዎቻችን ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለቤት ሥራ ነው። መጀመሪያ መሠረት፣ ከዚያ ብሎኬት ወይም ጭቃ፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ ከዚያ በርና መስኮት፣ መጨረሻ ላይ ሴራሚክና ቀለም። በኢሞ ስንደዋወል የሚያሳዩንም ይህንኑ ነው። «አየሽው ሳሎኑን? አየሽው ቀለሙን?» እኛም ደስ ይለናል፣ እንባችንም ይመጣል። አንድ ጥያቄ ግን ከማናችንም አፍ ሲወጣ አይሰማም፦ ክረምት ሲገባ የግቢው ውሃ በየት በኩል ይወጣል?

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። የውሃ መውረጃው ሳይሠራ ለሴራሚክ ገንዘብ አንላክ። ለግቢው ድልዳሎና ለቦይ የሚሆነውን ቀድመን እንላክ፣ ሥራውም ሰኔ ሳይገባ ይለቅ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእሳት ብቻ አይደለም።

ነገሩን በጀሪካን እናስላው፣ ሁላችንም የምናውቀው መለኪያ ነውና። ስምንት በአሥር ሜትር የሆነ ቆርቆሮ 80 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ይህም በሐምሌ ብርቅ አይደለም፣ ከዚያ ጣራ ላይ 1,600 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 80 ማለት ነው። አንድ ሰው መጥቶ በቤትሽ መሠረት ዙሪያ 80 ጀሪካን ውሃ ቢደፋ ዝም ትያለሽ? ጣራው ግን አሸንዳ ከሌለው በየጊዜው የሚያደርገው ይህንን ነው። ውሃው ከክፈፉ ሥር ዘወትር አንድ መስመር ላይ ይንጠባጠባል፣ አፈሩን ይቆፍራል፣ ግድግዳውን ይረጫል፣ ቀስ ብሎ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል። አባቶች «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ለዚህ ነው። ቤቱ በአንድ ቀን አይፈርስም። በመጀመሪያው ክረምት ግድግዳው ሥሩ ላይ ይወዛል። በሁለተኛው ቀለሙ ይላጣል፣ ሊሾው ይሰነጠቃል። በሦስተኛው በሩ አልዘጋ ይላል። ያን ጊዜ «ማሳደሻ ላኪ» የሚል ስልክ ይመጣል።

አፈሩም ራሱ አንድ አይደለም። ቤቱ የቆመው በጥቁር አፈር ላይ ከሆነ፣ መረሬ የምንለው ማለት ነው፣ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እግር እስኪገባበት ድረስ ይሰነጠቃል። ቤቱን በክረምት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በበጋ ይለቀዋል። በአንድ በኩል ውሃ ተጠራቅሞ በሌላው በኩል ደረቅ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሲሚንቶ ቢለጠፍበት ተመልሶ ይከፈታል። እንዲህ ላለው አፈር ዋናው መድኃኒት ውሃውን ከመሠረቱ ማራቅ ነው። ባሕር ዛፍም ከግድግዳው አጠገብ አይተከል፣ ሥሩ የአንዱን በኩል እርጥበት ብቻ እየመጠጠ አፈሩን ያዛንፈዋል።

ሥራው ከባድ እውቀት አይጠይቅም። አንደኛው የግቢው ተዳፋት ነው። መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። ልኩን ለማስታወስ፦ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ሲርቅ መሬቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፣ አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። መሬቱ ወደ ቤቱ ካዘነበለ ከግድግዳው ሥር አፈር ሞልቶ መጠቅጠቅ ነው። ግን አፈሩ ከቤቱ ወለል በታች ይቅር፣ ብሎኬቱን ወይም ጭቃውን አይሸፍን። የሚሞላው አፈርም ከተቻለ ጥቁር አፈር አይሁን፣ ሲጠቀጠቅ የሚጠነክር ገረጋንቲ ይሻላል። ልኩን ለማየት ግንበኞች የሚጠቀሙበት ብርሃን የሚያሳይ ቀጭን ላስቲክ ውሃ ተሞልቶ ይበቃል፣ በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ይቆማልና መሬቱ የት ከፍ የት ዝቅ እንዳለ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሁለተኛው አሸንዳና ቦዩ ነው። የአሸንዳው ውሃ በቱቦ ወርዶ እዚያው መሠረቱ ላይ ከፈሰሰ ምንም አልተሠራም፤ ወደ ቦዩ ወይም ወደ በርሜል መግባት አለበት። ቦዩ ደግሞ ከቤቱ በላይ በኩል ሆኖ ከዳገቱ የሚመጣውን ጎርፍ አቋርጦ በጎን ማሳለፍ አለበት። በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ቁልቁል ይኑረው፣ አለበለዚያ ውሃው ይተኛበታል። «ጉድጓድ ቆፍረን እዚያ እናስገባዋለን» የሚሉም አሉ። አፈሩ ቀይ ሆኖ ውሃ የሚመጥ ከሆነና ጉድጓዱ ከቤቱ ከራቀ ጥሩ። ጥቁር አፈር ላይ ግን ጉድጓዱ ሞልቶ ይቀራል፣ ክዳን ከሌለው ደግሞ ለሕፃናት ወጥመድ ነው።

ሦስተኛው ሽንት ቤቱ ነው። ጎርፍ የገባበት ሽንት ቤት ሞልቶ ይወጣል፣ ወደ ውሃ ጉድጓዱም ሊሄድ ይችላል። ልጆቻችን የሚጠጡት ከዚያ ነው። በቆላና በወይና ደጋ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የተኛ ውሃ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል፣ ወባ የሚበረታውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ቦዩ የቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

«እዚያ ሰፈር ጎርፍ የለም፣ እኛ ደጋ ነን» የምትል እህት ትኖራለች። ውሃ የሚጎዳው ግን ወንዝ ሆኖ ሲመጣ ብቻ አይደለም፣ መውጫ ሲያጣ ነው። ይህን እኮ እዚሁ ዓረብ አገር አይተነዋል። በሚያዝያ 2016፣ በፈረንጆቹ 2024 ማለት ነው፣ በኤምሬቶች በአል አይን አካባቢ በአንድ ቀን ውስጥ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። በዚያ አገር ከ75 ዓመት ወዲህ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነበር። በዱባይ መኪናው ዋኘ፣ በረራው ተስተጓጎለ፣ በየቪላው የገባውን ውሃ ደግሞ መጥረጊያ ይዞ ሲያወጣ የዋለው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ያ ሁሉ ሀብት ያለው ከተማ ውሃው መውጫ ሲያጣ እንዲያ ከሆነ፣ የእኛ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ምን ይሆናል?

ሌላዋ ደግሞ «ቤተሰብ ይቀየማል» ትላለች። እዚህ ላይ ነው እኔ አጥብቄ የምናገረው። ወንድምሽ ወይም አባትሽ ሥራውን እየመሩልሽ ከሆነ ይመስገኑ፣ ድካማቸው ቀላል አይደለም። ግን ቤቱ የተሠራው ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆመሽ ባገኘሽው ገንዘብ ነው። መጠየቅ ንቀት አይደለም። ሴራሚክ ለእንግዳ ይታያል፣ ቦይ አይታይም፣ ስለዚህ ማንም በራሱ ተነሥቶ አይሠራውም። ያልጠየቅሽውን አታገኚም። እናም ገንዘቡን ለይተሽ ላኪ፣ «ይቺ የቦይ ናት» ብለሽ። ከዚያ «ወንድሜ፣ ሦስት ቪዲዮ ላክልኝ» በይ፦ አንዱ በግድግዳው ዙሪያ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ አንዱ ቦዩ ከመጀመሪያው እስከሚያልቅበት፣ አንዱ ደግሞ ዝናብ እየዘነበ። ሦስተኛው ይበልጣል። ደረቅ ቦይ ሁሉ ጥሩ ይመስላል፣ እውነቱን የሚናገረው ዝናቡ ነው።

ቦዩ የሚያልቅበትን መጠየቅ አትርሺ። ውሃውን ወደ ጎረቤት ግቢ መልቀቅ ጠብ ነው፣ አንቺ ሳትኖሪ እናትሽ የምትኖርበትን ሰፈር ማበላሸት ነው። ቁልቁል ያሉት ጎረቤቶች ቀድመው ይጠየቁ፣ ከተቻለ በዕድር ተነጋግረው አንድ የጋራ ቦይ ይቆፈር። ቀድሞ የተቆፈረ ካለም ቆሻሻና ደለል ሞልቶበት ይሆናል፣ ሰኔ ሳይገባ ይጠረግ። ይህ ከሲሚንቶ ይልቅ ዶማና አካፋ የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ በሰፈር ደቦ በአንድ ቅዳሜ ይጠናቀቃል።

ጊዜውንም እንወቅ። ወሎ፣ ጅማ፣ አርሲ ወይም አዲስ አበባ ቤት ያላት ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ ሥራው በግንቦት ይለቅ። ቦረና ወይም ሶማሌ ክልል ያላት ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ በየካቲት ማለቅ አለበት።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። እቁብ ደርሷት ለቤት ሥራ ልትልክ ላለች እህት፣ ገንዘቡን ከመላኳ በፊት ሁለታችን ሦስታችን አጠገቧ ተቀምጠን የግቢውን ቪዲዮ አብረን እንይላት። ውሃው ከየት ይመጣል፣ በየት ይወጣል ብለን እንጠይቅ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የስንት ዓመት ኮንትራት፣ ልጅን ሳያዩ የሚያልፉ የስንት ዓመት በዓላት በዚያ ግድግዳ ውስጥ አሉ። ሴራሚኩ ለሚቀጥለው ዓመት ቢተላለፍ ምንም አይሆንም፣ ቤቱ ይጠብቀዋል። ክረምቱ ግን ማንንም አይጠብቅም።