9.81 ወይም ሞት

«እናንተ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች፣ ላብራቶሪ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?» ትሉን ይሆናል። ከሳይንስ ተማሪዎች ጋር አንድ ዶርም እናድራለን። ሪፖርት ሐሙስ የሚገባ ከሆነ ረቡዕ ማታ ምን እንደሚሠራ እናያለን፤ እንዲያውም እንግሊዝኛውን የምናቃናው እኛው ነን።

ነገሩ የፔንዱለም ነው። ክር፣ ክብደትና ሰዓት። ውዝዋዜው ይቆጠርና ከክሩ ርዝመትና ከጊዜው የመሬት ስበት ይሰላል። ጓደኛችን ለክቶ 9.6 አገኘ። ክሩ ከተለካ በኋላ ተለጥጧል፣ ሰዓቱን የያዘው ልጅ ዘግይቶ አቁሟል። ይሄ ነበር መጻፍ ያለበት! እሱ ግን ምን አደረገ? ከሲኒየር ሪፖርት ላይ 9.81ን አወጣ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እያሰላ ጊዜውን ሞላው። አሥር ከአሥር። ያገኘችውን 9.6 ሳትነካ ያስገባችው የክፍሉ ልጅ አምስት ተሰጣት።

ለመሆኑ ትክክሉ ስንት ነው? 9.81 ለለንደንና ለፓሪስ የሚሠራ ቁጥር ነው። ስበት ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡም፣ ወደ ላይ ሲወጡም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚህ ስበቱ ወደ 9.77 ነው። እንግዲህ ሙሉ ማርክ የሚያገኘው የፓሪስን ስበት አዲስ አበባ ላይ የለካ ነው ማለት ነው!

ቀልድ አይደለም። ሪቻርድ ፋይንማን በ1974 እ.ኤ.አ. ለካልቴክ ተመራቂዎች ያወሩት ይኸንኑ ነበር። ሚሊካን የኤሌክትሮንን ቻርጅ ሲለካ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነበር። ተከታዮቹ ከሱ ቁጥር የራቀ ሲያገኙ ስሕተት ይፈልጋሉ፤ የቀረበ ሲያገኙ ዝም ይላሉ። ትክክሉ ጋ የደረሱት እየተንፏቀቁ ነው። ትልልቆቹን እንዲህ ያደረገ ፍርሃት አንደኛ ዓመቱን ምን ያድርገው?

በእኛ ትምህርት ክፍል የሌለ ምንጭ ፈጥሮ የጠቀሰ ይወድቃል። እዚያ ማዶ ይሸለማል።

«መሣሪያ የለም» አትበሉን፤ ክርና ድንጋይ አይጠፋም። ማርኩ ለቁጥሩ ሳይሆን ለደብተሩ ይሰጥ። የተለካው እዚያው በእስክሪብቶ ይጻፍ፣ ተማሪው ሳይወጣ ይፈረምበት። ከመጽሐፉ ለምን ራቀ ተብሎ ይጠየቅ፤ ደግሞ የሚለካበት ጊዜም ይሰጠው፣ በሴሚስተሩ የሚሠራው ሙከራ በግማሽ ቢቀንስም እንኳ።

እስከዚያው የ9.81 ሪፖርት እንግሊዝኛ አናቃናም። የ9.6 ያለው ያምጣ፤ ሻዩም በእኛ ነው።