«የሚያጣው የለም» የሚሉት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ2011 ስቶክሆልም በሚገኘው የካሮሊንስካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አንድ የ36 ዓመት ኤርትራዊ ለቀዶ ጥገና ተኛ። በአይስላንድ ጂኦሎጂ ያጠና የነበረ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። በመተንፈሻ ቱቦው ላይ ዕጢ ነበረበት። ሐኪሙ ፓኦሎ ማኪያሪኒ የታመመውን ክፍል አውጥቶ፣ ከታካሚው መቅኔ የተወሰዱ ግንደ ሕዋሳት (ስቴም ሴሎች) የተዘሩበት የፕላስቲክ ቱቦ ተካለት። ሕዋሳቱ ፕላስቲኩን አልብሰው ሕያው አካል ያደርጉታል ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት የሥራውን መሳካት አበሠረ። ተማሪው በ2014 መጀመሪያ ሞተ።

የፊዚክስ መምህር በሕክምና ምን አገባው የሚለኝ ይኖራል። ቱቦው ግን የቁስ ሳይንስ ጥያቄም ነበር። ኦክስጅን ከደም ሥር ወጥቶ በሥርጭት ብቻ የሚደርሰው የአንድ ሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ለሚሆን ርቀት ነው። ታዲያ ደም ሥር በሌለው ፕላስቲክ ላይ የተዘራ ሕዋስ በምን ይኖራል? ይህን በእንስሳ ላይ መርምሮ ማወቅ ይቻል ነበር። ቱቦው ግን ያለዚያ ምርመራ ሰው ውስጥ ገባ።

መከላከያው ርኅራኄ ነበር፤ ሰውየው መሞቱ ካልቀረ የሚያጣው ምንድን ነው? ይህ ምክንያት ገና በጅምር ላይ ባለ ምርምር ሁሉ ይሰማል፤ በዘረመል ሕክምናም ቢሆን። የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 ማኪያሪኒን በሦስት ታካሚዎች ላይ በፈጸመው ከባድ የአካል ጉዳት ሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ሲፈርድበት ግን አስቸኳይ ሁኔታ ነበር የሚለውን መከራከሪያ አልተቀበለም። ያለ ቀዶ ጥገናው ጥቂት የማይባል ጊዜ ሊኖሩ ይችሉ ነበር። እንግዲያው የሚያጣው ነበረው።

እኔም በሰው አገር ተማሪ ሳለሁ ለአንዲት ቀላል ቀዶ ጥገና የቀረበልኝን ሰነድ ሳላነብ ፈርሜአለሁ። ሐኪሙን መጠየቅ ውለታ ቢስነት መስሎኝ ነበር። በባዕድ ቋንቋ፣ ያውም በሕመም ላይ ሆኖ «ይቅርብኝ» ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ከሙከራው መሳካት ዝናም ገንዘብም የማያገኝ ሌላ ሰው ይሁን ባይ ነኝ። ይህ ምርምርን ያዘገያል ይባላል። ያዘግይ!

በካሮሊንስካ የታካሚዎቹን መዝገብ ከታተሙት ጽሑፎች ጋር አስተያይተው ልዩነቱን በ2014 ያጋለጡት አራት የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። የተቋሙ ኃላፊ በ2015 ማኪያሪኒን ከጥፋት ነጻ አደረጉት፤ በቀጣዩ ዓመት፣ ጉዳዩ በቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ከወጣ በኋላ፣ ራሳቸው ሥልጣን ለቀቁ። «ላንሴት» ያንን ጽሑፍ የሻረው በ2018፣ ተማሪው ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።