ካሜራ አይጦርም

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቀይም ይችላል። ይሁን።

ከአሜሪካም ከአዲስ አበባም እዚህ እንፍራንዝ ላሉ ወላጆች የሚላከው ዕቃ ተቀይሯል። ድሮ ኮትና ብርድ ልብስ ነበር፤ አሁን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካሜራና በድምፅ የሚታዘዝ ስፒከር ሆኗል። ልጅ በስልኩ የእናቱን ቤት ያይና «ደህና ናት» ብሎ ይተኛል። ማየትና መጦር ግን ለየቅል ናቸው።

እናታችሁ ሌሊት ወደቁ እንበል። እናንተ ዳላስ ሆናችሁ አያችሁ። ማን ያነሳቸዋል? ፈረንጅ አገር አረጋውያን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የአደጋ ጊዜ መጥሪያ የሚጠቅመው ስልክ የሚያነሳ ሰውና የሚላክ አምቡላንስ ስላለ ነው። እኛ ዕቃውን ብቻ አምጥተን ሰውን ረሳነው። መውደቅ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 684,000 ሰው በመውደቅ ይሞታል፤ በብዛት የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው።

ስፒከሩስ? አሌክሳ አማርኛ አታውቅም። እናት በእርጅናቸው መብራት ለማብራት እንግሊዝኛ ይማሩ? ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ካሜራውም ስፒከሩም ጌጥ ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ማን ይረሳል?

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው፦ ማን ጠየቃቸው? በሚለብሱበት፣ በሚጸልዩበት ክፍል ዓይን ስትተክሉ ፈቅደዋል ወይ? «ልጄ ይከፋዋል» ብለው ዝም ያሉ እናቶች አሉ።

«ቴክኖሎጂ ጠላ» እንዳትሉኝ። ርካሽና የሚጠቅም አለ። ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ የሶላር መብራት ከበር እስከ ሽንት ቤት ስቀሉላቸው። ቁልፏ ትልልቅ የሆነ ስልክ ግዙላቸው፤ 2 ቁጥርን ተጭነው ሲይዙ ጎረቤት ጋ፣ 3ን ሲይዙ እናንተ ጋ እንድትደውል አድርጓት። የደም ግፊት ኪኒን የሚወስዱበትን ሰዓት አላርም ሙሉባት። ይሄ ሁሉ ኢንተርኔት አይፈልግም። ለጎረቤቱም በየወሩ የአቅማችሁን ላኩ፤ ሲደወል የሚሮጠው እሱ ነው።

ሶፍትዌር የተማራችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፦ የጎንደርን አያት አማርኛ የሚሰማ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ሥሩልን።

ወላጆቻችን ሲመርቁን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ነው የሚሉት። «ተመልካች አያሳጣህ» ሲሉ ሰምታችኋል?

ያልተስማማ ኮሜንት ላይ ይምጣ፤ እንከራከራለን።