ሻደይ ካለፈ በኋላስ?

በየዓመቱ ከነሐሴ 16 እስከ 21 የዋግ ኽምራ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። ሰቆጣ ትደምቃለች። መድረክ ይተከላል፣ ባለሥልጣን ይናገራል፣ ካሜራ ይቀርጻል። በዓሉ ሲያልፍ መድረኩ ይነቀላል፤ የፃግብጂ ልጅም ወደ ቀበሌዋ ትመለሳለች። እዚያ የሚጠብቃት ጀሪካንና የሽማግሌ ደጅ ጥናት ነው።

በዓሉ መደገሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ለጭፈራው ገንዘብ ሲገኝ ለጨፋሪዋ አለመገኘቱ ነው። የባህል በጀት ያለዕድሜ ጋብቻን አይመለከተውም፤ ስንዴ የሚያድለው ድርጅት ደግሞ ዘፈንን እንደ ቅንጦት ያያል።

«ሰው ተርቦ ምን ጥበብ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተራ አይደለም። ድርቅ በሚመላለስበት፣ በጦርነቱ ከፃግብጂና ከአበርገሌ የተፈናቀሉት በሰቆጣና በወለህ ተጠልለው በከረሙበት አገር ሆድ ይቀድማል። ከስንዴው ይቀነስ ያለ ግን የለም። በ2007 በሰቆጣ ስም የታወጀው የሕፃናትን መቀንጨር የማስቀረት ቃል ኪዳንም ከእህል በላይ ይፈልጋል። ሳትጠና የምታገባና የምትወልድ ልጅ የመቀንጨር አንዷ መነሻ ናት። ይህንን በኽምጣኛ የተሠራ ድራማ ገበያ መሐል ቢናገረው፣ ከአዲስ አበባ ታትሞ ከሚላክ ፖስተር ይልቅ ይሰማል።

ታዲያ ማን ይክፈል? የውጭ ገንዘብ እምነት የሚጣልበት አልሆነም። የ2001ዱ አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በሩን ከፈተ። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን በአንድ ውሳኔ አቋረጠ። አንዴ በአገር ሕግ፣ አንዴ በሰው አገር ምርጫ የሚዘጋ በር ደጅ አይጸናም።

ዋግ የራሱ የበጎ አድራጎት ፈንድ ያስፈልገዋል። አሁን ያለው ሕግ ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩም ይፈቅዳል። የሰቆጣ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ ያለው ተወላጅና ውጭ አገር ያለው ወገን በየወሩ ጥቂት ቢያዋጡ ይጀመራል። ገንዘቡ የኽምጣኛ ዜማ ይቅረጽበት፣ የተፈናቃይ ወጣቶች ቴአትር ይደገፍበት፣ ያለፈቃዷ ልትዳር የተቃረበች ልጅ ፍርድ ቤት የምትደርስበት የመኪና ሒሳብ ይከፈልበት። ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው የወረዳው ሰው ይሁን፤ ከወሳኞቹም እኩሌቶቹ ሴቶች ይሁኑ። ሒሳቡም በአደባባይ ይነበብ፤ ያልተነበበ ሒሳብ መዋጮን ይገድላል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው እንዲሉ፣ የፃግብጂን ችግር ከፃግብጂ ሰው በላይ የሚያውቅ ለጋሽ አይገኝም።

ነገሩ ለዋግ ባዕድ አይደለም። የሻደይ ልጃገረዶች ከቤት ቤት እየዞሩ ሲጨፍሩ ባለቤቱ እጁን ይዘረጋል፤ ባዶ እጃቸውን መመለስ ነውር ነው። የቀረው ያንን ነውር ከስድስት ቀን ወደ ዓመት ሙሉ ማሳደግ ነው።