ልቡ ታሟል፣ አፉ ግን «ደህና ነኝ» ይላል

ዛሬ ከአራዳ የተላከች ደብዳቤ ይዣለሁ። ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ነች።

«እጮኛዬ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ሥራ ከገባ 8 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ደረቱን ሲወጋው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ‹የልብ ሕመም አለብህ› ተባለ። እሱ ግን ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ደብቆ ሥራ ይገባል። ‹ካወቁ ያሰናብቱኛል፣ ሠርጋችንም ይቀራል› ይላል። የእሳት አደጋ መኪና ስትጮህ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ለአለቃው ልናገር ወይስ ዝም ልበል?»

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ገብቶኛል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያየ የፒያሳ ልጅ ይህ ሥራ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። እኛ ስንሸሽ እነሱ ይገባሉ። ከእንቅልፍ ባንኖ መሮጡ፣ ሙቀቱ፣ ጭሱ፣ የልብሱ ክብደት፣ ሁሉም ልብ ላይ ነው የሚያርፈው። በአሜሪካ ሥራ ላይ ሳሉ ከሚሞቱ እሳት አጥፊዎች ግማሽ ያህሉን የሚገድለው ልብ ነው። ስለዚህ በብዙ ግዛቶች የእሳት አጥፊና የፖሊስ የልብ በሽታ ከሥራው እንደመጣ ይገመታል፤ «አይደለም» የሚል ወገን ያስረዳ ይባላል።

እኛ ዘንድ ግን ማስረጃው ከበሽተኛው ነው የሚጠበቀው። ፖሊሱም እሳት አጥፊውም የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። በጤና ጉድለት ብቻ የተሰናበተ ሰው የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይዞ ይሄዳል። በሽታው ከሥራው የመጣ ነው ከተባለ ግን የአገልግሎት ዘመን አይቆጠርበትም።

ያንቺ ሰው 8 ዓመቱ ነው። ነገሩ ገባሽ አይደል? የተቃጠለ እጅ ራሱ ይመሰክራል፤ ልብ ግን ጠባሳው አይታይም። የሚመሰክርለት ወረቀት ነው፣ እሱ ደግሞ ፍራሽ ሥር ነው ያለው!

ለአለቃው አንቺ አትንገሪ፣ ይቀየምሻል። ራሱ ይናገር፤ አንቺ አብረሽው ሂጂ። መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ተመልሶ ሥራው ምን እንደሆነ በደንብ ያስረዳ፤ ካርዱ ላይም ይጻፍለት። የወጣባቸውን አደጋዎች ከነቀናቸው ይመዝግብ፤ ግዳጅ ላይ ሳለ ያመመው ቀን ካለ በጽሑፍ ሪፖርት ያድርግ። ከዚያ ቀለል ያለ ሥራ እንዲሰጡት ያመልክት። ነገሩ የሐኪሞች ቦርድ ዘንድ ቢደርስ ባዶ እጁን አይቀርብም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ጡረታም የለውም።

ስለ ሠርጉ አትጨነቂ። በትንሽ ድግስም ይሠረጋል። ሙሽራው ብቻ ይኑር።